በስልክ የማይታይ ረሃብ

ከአገር ቤት በስልክ ከምንሰማቸው ቃላት ሁሉ እኔን ዕረፍት የሚነሣኝ «ወፍሯል» የሚለው ነው። እዚህ ሱወይዲ አብራኝ የምትኖር እኅት፣ ወሎ የቀረ ልጇን ፎቶግራፍ አሳየችኝ። ጉንጩ ሞልቷል፤ ጸጉሩ ግን ሳስቶ ቀላ ብሏል፤ እግሮቹም አብጠዋል።

ሐኪሞች ይህን ደዌ ኩዋሽዮርኮር ይሉታል። ስሙን በ1930ዎቹ ከጋና ምድር፣ ከጋ ሕዝብ ቋንቋ ወስዳ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀችው ዶክተር ሲስሊ ዊልያምስ ናት፤ ታናሽ ሲመጣበት ከጡት የተነጠለውን ሕፃን የሚይዝ በሽታ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ሕፃኑን ከጡት የሚነጥለው ታናሹ ብቻ አይደለም፤ የእናቱ ቪዛም ነው።

ከዚህ ይልቅ የተስፋፋው መቀንጨር ደግሞ በፎቶግራፍ እንኳ አይለይም። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 ከመቶው፣ በአማራ ክልል 41 ከመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ይሮጣል፣ ይስቃል፤ ኩፍኝ ወይም ተቅማጥ ሲመጣበት ግን የሚመክትበት አቅም የለውም።

ስለዚህ «በላ ወይ?» ብላችሁ አታብቁ። ጤና ኬላ ተወስዶ ክንዱ ተለክቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ሕክምናው ለነገ የሚባል አይደለም። እግሩ በአውራ ጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል ወይ? በዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ወስዷል? ከምትልኩት ገንዘብም ለቆርቆሮው ከመታሰቡ በፊት የዕንቁላሉና የወተቱ ተለይቶ ይነገር። (ቆርቆሮው ሌላ ዓመት ሊገዛ ይችላል።)

አንዳንዶች ይህን ሁሉ «ዕድሉ ነው» ሲሉ እሰማለሁ፤ አልስማማም። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 24 መንግሥታት በሽታንና የምግብ እጥረትን እንዲዋጉ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ኢትዮጵያ በ1991፣ ሳዑዲ ዓረቢያም በ1996 እ.ኤ.አ. ተቀብለውታል። እንግዲያው ወሎ የቀረውም ሕፃን፣ ኢቃማ ከሌላት እናት እዚሁ የተወለደውም የሚጠይቁት ምጽዋት አይደለም። እናቲቱ «እያዛለሁ» ብላ ትኩሳት ያለበትን ልጇን በር ዘግታ ስታስታምም፣ የሚጓደለው የሕፃኑ የራሱ መብት ነው። እንዲህ ያለች እናት በአጠገባችሁ ካለች ብቻዋን አትተዉአት፤ ዓረብኛ የሚችል ሰው ፈልጋችሁ እስከ ሐኪም ቤት አብራችኋት ሂዱ።