በመንኰራኵር ላይ ለሚኖር ቤት የሚበቃ ዕቃ

አሜሪካውያን «አር ቪ» የሚሉትን መኪና በአገራችን በዐይኑ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ከውጭ ሲመለከቱት አነስተኛ አውቶቡስ ይመስላል፤ በሩን ከፍተው ሲገቡ ግን ምድጃ፥ ማቀዝቀዣ፥ አልጋ፥ የገላ መታጠቢያና መጸዳጃ ያለው ሙሉ ቤት ነው። አንዳንዱ በራሱ ሞተር ይሄዳል፤ አንዳንዱም በሌላ መኪና ይጎተታል። ከጡረተኞቻቸው መካከል የቆመ ቤታቸውን ሸጠው ዓመቱን ሙሉ በዚህ የሚኖሩ አሉ። ሌላው ሰው ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከልጆቹ ጋር ተከራይቶ አገር ይዞርበታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ቤት መኪና» እያልን እንጠራዋለን።

በ2016 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር በዴንቨር ከተማ የምትኖረውን እኅታችንን ልንጠይቅ ሄደን ነበር። እናታችንም ከእርሷ ጋር መኖር ከጀመሩ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያው ተጠግቷል፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ በነዚያም ዓመታት ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር አንድም ቦታ አላዩም። እኅታችንና ባለቤቷ የሎውስቶን የተባለውን የፍል ውኃ አገር ሊያሳዩአቸው ቆረጡ። ይህ ቦታ በ1864 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872) ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለ ሲሆን፥ ከዴንቨር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ነገር ግን ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ ስለ ነበረ በየመንገዱ ምግብ ቤት እናታችን የሚቀምሱት አይገኝም። «እንሂድ» ሲባሉ የመለሱት ቃል ይህ ነበር፤ «እንጀራዬንና ቡናዬን በማላገኝበት አገር ምን ላደርግ እሄዳለሁ? እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ።»

ስለዚህ የዕቃው ምርጫ የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም። መኪናው ለአንዲት አሮጊት ቤት ሊሆን ካልቻለ ጉዞው ይቀር ነበርና።

የእኅታችን ባለቤት ለቤት መኪና የሚሆን ዕቃ ብቻ ከሚሸጥበት መደብር ሁለት ጋሪ ሙሉ ገዝቶ መጣ። የሚታጠፍ ሳህን፥ የሚታጠፍ ባልዲ፥ እንቁላል እንዳይሰበር የሚቀመጥበት ሣጥን (በጾም!)፥ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ መብራት፥ ሌላም ሌላም። እኛም ከመምህርነት ልማዳችን የተነሣ አስቀድመን በመኪናው በር አጠገብ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበብን። በዚያ ላይ መኪናው ሊሸከመው የሚችለው ክብደት ተጽፏል። ከዚህ ላይ የሰው ክብደት ይቀነሳል፤ ስድስት ነበርን። ውኃውም ይቀነሳል፤ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ስለ ሆነ፥ 150 ሊትር የሚይዘው ማጠራቀሚያ ሲሞላ ሁለት ጎልማሶች ተጨምረው እንደ ተሳፈሩ ይቈጠራል። ይህን ካሰላን በኋላ ሙቀጫው፥ የብረት ድስቱና ትልቁ መሶብ ከቤት ቀሩ፤ ከጋሪዎቹም የአንዱ ዕቃ ጋራዥ ውስጥ ተቀመጠ።

በመሶቡ ፋንታ እናታችን ተነሥተው በእኅታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጌጥ ተሰቅሎ የነበረውን አገልግል አወረዱ። ልጆቹ አገልግል ጌጥ ብቻ ይመስላቸው ነበር። አያቶቻችን በበቅሎ ሲጓዙ የተጠቀሙበት ይህ ዕቃ ለቤት መኪና የተሠራ እስኪመስል ድረስ ተስማማ። ቀላል ነው፤ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ቆዳው እርጥበትን ስለሚይዝ እንጀራው አይደርቅም፤ በማንገቻውም ከቁም ሣጥን መንጠቆ ላይ ሲሰቀል መኪናው ቢንገጫገጭ ከመወዛወዝ በቀር ምንም አይሆንም። ከመደብሩ የመጡት የፕላስቲክ ሣጥኖች ግን በየመታጠፊያው ይንሸራተቱ ነበር። በመሳቢያው ውስጥ የምትነጠፈው ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት የጎማ ምንጣፍ እስክትገኝ ድረስ ስኒዎቹም እንዲሁ ይንከባለሉ ነበር። ይህችን ምንጣፍ እናመሰግናለን፤ ዋጋዋ ጥቂት ነው፤ ጀበናይቱን ከዴንቨር እስከ የሎውስቶን አድርሳ መልሳታለች።

እንጀራውን በተመለከተ ነገሩ የሒሳብ ነው። በዚያ አገር የሚሠራበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1,500 ዋት ይወስዳል። የቤት መኪናችን መስመር 30 አምፔር በ120 ቮልት፥ ማለትም 3,600 ዋት ነበር። የአየር ማቀዝቀዣው ብቻውን ከዚህ ግማሽ ገደማ ይፈልጋል፤ ፈጣን የምግብ ማሞቂያውም እንዲሁ። ሦስቱ በአንድነት ከሠሩ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ቤቱም ይጨልማል። ስለዚህ እኅታችን «ምጣድ ሲጣድ ሌላው ይጾማል» የሚል ሕግ አወጣች። በአይዳሆ ክፍለ ሀገር ከሚበቅለው ጤፍ የተቦካው ሊጥ በመንገድ ላይ የሚቀመጠው በገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ነበር፤ ቢፈስ እንኳ ለማጠብ ይቀላልና። ክዳኑም ጥብቅ እንዳይሆን እናታችን አዘዙ። ይህ ትእዛዝ ጥበብ አለበት፤ ሊጥ ሲቦካ አየር ያወጣል፤ ወደ ተራራ ሲወጣም የውጩ የአየር ግፊት ይቀንሳል። ከዱቦይስ በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋውን በር ስናልፍ የታሸገው የሽሮ ከረጢት እንደ ፊኛ ተነፍቶ አይተናል።

ውኃን በሚመለከት አንዲት ከነሐስ የተሠራች የግፊት መቀነሻ አለች፤ በመዳፍ ውስጥ ትያዛለች። በየማረፊያው የሚገኘው ቧንቧ ግፊቱ አንዳንድ ጊዜ እጅግ ብርቱ ነው፤ የቤት መኪናው ቧንቧ ግን ስስ ነው። መኪናውን ያከራየን ድርጅት ይህችን ዕቃ ሳይሰጠን ስለ ቀረ በመጀመሪያው ሌሊት ከእቃ ማጠቢያው በታች ያለው መጋጠሚያ ተፈታ፤ የልጆቹም መኝታ ራሰ። በማግሥቱ መቀነሻዋ በጥቂት ዶላር ተገዛች፤ ከዚያም ወዲያ ጠብታ አልታየም። ለመጠጥ ውኃ የሚሆነው ቱቦም ለብቻው ነው፤ ከቆሻሻው ጋር የሚነካካው ሌላው ቱቦ በሌላ ሣጥን ይቀመጣል። ስለ መጸዳጃው ማጠራቀሚያ ብዙ አንጽፍም፤ ጠንካራ ጓንት ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ የመጸዳጃው፥ ቀጥሎ የሳሙናው ውኃ ይለቀቃል፤ የኋለኛው ቱቦውን ያጥበዋልና።

ማቀዝቀዣው የሚሠራበት መንገድ ደግሞ ለተማሪ ቤት ትምህርት የሚሆን ነው። በብዙ የቤት መኪና ያለው ማቀዝቀዣ ሞተር የለውም፤ በጋዝ ነበልባል ይቀዘቅዛል። ልጆቹ «እሳት እንዴት በረዶ ይሠራል?» ብለው ጠየቁን። እሳቱ አሞንያ የተቀላቀለበትን ውኃ ያፈላል፤ የአሞንያው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ይቀዘቅዝና ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹም ዳግመኛ ሲተን ከምግቡ ላይ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ቀጥሎም በራሱ ክብደት ወደ ታች ይመለሳል። የሚመለሰው በክብደቱ ብቻ ስለ ሆነ መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመ ፈሳሹ በየቧንቧው ይተኛል፤ ማቀዝቀዣውም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከጎማው በታች የሚነጠፉ የፕላስቲክ ብሎኬቶችና አንድ ትንሽ ውሃ ልክ ያስፈልጋሉ። እናታችን ግን ውሃ ልኩን አልፈለጉትም። ስኒያቸውን በጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ቡናው ወደየትኛው ከንፈር እንደ ቀረበ ያያሉ፤ «በግራ በኩል ጨምሩ» ይላሉ። ውሃ ልኩም ይመሰክርላቸው ነበር።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ፤ ጭንቁ ከዚህ ላይ ነበርና። እናታችን ከሰልና ዕጣን ይዘው ነበር። በሁለተኛው ቀን በዋዮሚንግ ክፍለ ሀገር በራውሊንስ አጠገብ አደርን። ያ አገር በነፋሱ የታወቀ ነው፤ ረጅም መኪና እስኪገለበጥ የሚነፍስበት ቀን አለ። በዚያ ምሽት በውጭ ክብሪት መጫር እንኳ አልተቻለም። እናታችን ከጠዋት ጀምሮ ቡና አልቀመሱም፤ ራሳቸውን በሻሽ አስረው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እኅታችን አዘነችና ወደ እኛ ቀርባ «ጋሼ፥ መስኮቱን ከፍተን ለአንድ አፍታ ከሰሉን እዚሁ ብናቀጣጥልስ? የሚጮኸውን ደወል ባትሪውን ማውጣት ነው» አለች።

እኛም እምቢ አልን። ደወሎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጭስን፥ ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያስታውቃል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፥ ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመውን አካል ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ይይዘዋል፤ ሰውየውም እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው ይሞታል። የቀላ ከሰል ጭሱ ሲጠፋ «ጠራ» እንላለን፤ ነገር ግን ጋዙ ያን ጊዜም ይወጣል። ይህን ለእናታችን ስንነግራቸው «በአገራችን ስንቱን ሌሊት ከሰል ይዘን አድረን የለም ወይ?» አሉ። «እማዬ፥ ያ የሣር ክዳን ነበር፤ ጣራው ይተነፍሳል። ይህ መኪና እንደ ጠርሙስ የተደፈነ ነው። በአገራችንም ቢሆን በብሎኬት ቤት በራቸውን ዘግተው ከከሰል ጋር ያደሩ ሰዎች ሞት በየጊዜው ይሰማል» አልናቸው። እናታችን ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥሎም የከሰሉን ከረጢት አንሥተው ለእኅታችን ባለቤት ሰጡትና «ከውጭ ባለው ሣጥን ቈልፍበት፤ ልጆቹ እንዳያገኙት» አሉት። በዚያ ምሽት በመኪናው የጋዝ ምድጃ ላይ፥ መስኮቱ ተከፍቶ የጣራው አየር ማስወጫ እየዞረ፥ ሻይ ብቻ ተፈላ።

በማግሥቱ ነፋሱ ሲበርድ ከመኪናው ጥግ፥ በተዘረጋው የሸራ ጥላ ሥር፥ በምትታጠፍ የጋዝ ምድጃ ቡናው ተቈላ። ይህችን ምድጃ ካየናቸው ዕቃዎች ሁሉ እናስበልጣለን። በአሜሪካ ምዕራብ በበጋ ወራት ሰደድ እሳት ስለሚያሰጋ የእንጨትና የከሰል እሳት የሚከለከልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በቁልፍ የሚዘጋ የጋዝ ምድጃ ግን ብዙውን ጊዜ ይፈቀዳል። አሜሪካውያንም በመኪናቸው በር ፊት የሚዘረጉት የፕላስቲክ ምንጣፍ ቁርጥ የኛ ሰሌን ነው፤ ረከቦቱ በእርሱ ላይ ተቀመጠ። የቀረውን ቡና እኅታችን በፔርሙዝ አደረገችው። እናታችን የፔርሙዝ ቡና «የሞተ ቡና» ነው ይላሉ፤ ይሁን እንጂ በተራራው በር ላይ ብርዱ ሲጸና ሁለት ስኒ ጠጡ፤ ሦስተኛውን ግን ለክብራቸው ሲሉ ተዉት።

የሎውስቶን ስንደርስ ያረፍነው ፊሺንግ ብሪጅ በተባለው ስፍራ ነው። በዚያ ድብ ስለሚመላለስ ድንኳን አይፈቀድም፤ ግድግዳው ጠንካራ የሆነ የቤት መኪና ብቻ ይገባል። ምግብ ብቻ ሳይሆን ሳህኑ፥ ሳሙናውና የጥርስ ሳሙናው እንኳ በውጭ ማደር የለበትም። በርበሬውና ዕጣኑ ክዳናቸው በሚጠብቅ ብልቃጥ ገቡ። ለልጆቹ በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ መብራት ተሰጣቸው፤ ሁለቱ እጆቻቸው ነጻ ሆነው ዕቃውን ሳይጨልም ለመሰብሰብ ረዳቸው። ከሐይቁ ዳር የሚያስደንቅ ነገር አገኘን፤ የየሎውስቶን ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,357 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባም 2,355 ሜትር ገደማ ነች። ውኃ የሚፈላበት ሙቀት የከፍታን ነገር ስለሚከተል፥ እናታችን በዴንቨር ለሰባት ዓመታት «ምስሩ ቶሎ ይፈርሳል» ሲሉ የነበረው፥ በዚህ ግን እንደ አገራቸው ልማድ በሰዓቱ በሰለ። የሰሙትን ሁሉ ጠርተው ድስቱን አሳዩአቸው።

ሌሊቱ በነሐሴ ወር እንኳ ውርጭ ይቀርበዋል። የመኪናው ማሞቂያ ሙቀቱን ከጋዝ ቢያገኝም፥ አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ ባትሪ ይጨርሳል፤ ደግሞም ይጮኻል። ስድስት ሰው የሚተነፍስበት ቤት ሲሞቅ መስታወቱ ያልበዋል፤ ፍራሹም ይረጥባል። ስለዚህ የጣራው አየር ማስወጫ በትንሹ ተከፍቶ እያደረ፥ እያንዳንዱ በጋቢው ተጠቅልሎ ተኛ። ጋቢ በመደብሩ ውስጥ አይሸጥም።

በስምንተኛው ቀን ወደ ዴንቨር ተመለስን። የእኅታችን ባለቤት ጋራዥ የቀረውን ዕቃ፥ የእንቁላሉን ሣጥን ጨምሮ፥ ወደ መደብሩ ወስዶ ገንዘቡን አስመለሰ። ከሚመለሱት ዕቃዎች መካከል ሰፊ እግር ያለው፥ የእጅ መደገፊያ የተሠራለት መወጣጫም ነበረ፤ እናታችን ወደ መኪናው የሚወጡት በእርሱ ነበር። ያንን ግን ከእጁ ተቀበሉት። አሁን በእኅታችን ቤት በጓሮው በር ፊት ተቀምጧል፤ በየጠዋቱ መደገፊያውን ይዘው በእርሱ ይወርዱና ጤና አዳማቸውን ያጠጣሉ።