ትኬቱን ከባለቤቱ ቁረጪ

ለምወድሽ ልጄ፣

ድሬዳዋ ሥራ ማግኘትሽን ከነገርሽን ወዲህ እናትሽ ስለ ስንቅሽ፣ እኔ ስለ መንገድሽ ስናስብ ሰነበትን። የእናትሽ ድርሻ ሻንጣው ውስጥ አለልሽ። የእኔን በስልክ ብነግርሽ ኔትወርኩም ይቆራረጣል፣ አንቺም «እሺ አባዬ» ብለሽ ትዘጊዋለሽና በጽሑፍ ልኬልሻለሁ። ደሴን ሳትለቂ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ዕድሜዬን በመናኸሪያ ትኬት ስቆርጥ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። መንገደኛ ከታሪፉ በላይ የሚከፍለው ወይ ሲቸኩል ነው፣ ወይ የትኬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ታሪፉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ እኔም መስኮቱ ላይ ተቀምጬ፣ ሰው በር ላይ ለቆመ ደላላ እጥፍ ከፍሎ ሲገባ አይቻለሁ። ደላላው መኪና የለውም፣ ወንበርም የለውም፤ የሚያተርፈው በመንገደኛው ጥድፊያ ነው። ዛሬ ስልክ ውስጥ ገባ እንጂ ሥራው ያው ነው። ምክሬ ተጠቅልሎ ይኸው ነው፦ ትኬትሽን አስቀድመሽ፣ ከባለቤቱ ቁረጪ። የቀረው እንዴት እንደምታደርጊው ነው።

ቀን በመምረጥ ጀምሪ። ሥራ የምትገቢው ጥር መግቢያ ላይ ነው ብለሻል። ታስቦ ካልተሄደ ያ ጊዜ መጥፎ ነው። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ታኅሣሥ 19 ስለሆነ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ሁሉ በተሳላሚ ይሞላል፤ ወንበር ሲጠፋ ደግሞ ታሪፍ የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ ይቀራል። ከ19 በኋላ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ አንቺ ወደ ድሬዳዋ ትሄጃለሽ፤ ግፊያው በሌላው አቅጣጫ ይሆናል። ገና 29 ላይ ነው። ስለዚህ ከደሴ በ20 ወይም በ21 ብትነሺ በሁለቱ በዓላት መካከል ትሾልኪያለሽ። ወደፊትም ለአረፋ ይሁን ለፋሲካ ወደ ቤት ስትመጪ፣ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሚጠራበት ሰሞን መንገድ ካለሽ፣ መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያ ተመልከቺ። በአንድ ሳምንት መቅደም የሚያተርፈውን ያህል የትኛውም ክርክር አያተርፍልሽም።

አስቀድሞ መሰናዳት ለወረኢሉ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አጤ ምኒልክ በመስከረም 1888 ለአድዋ ዘመቻ ሲያውጁ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ እንዲከት ያዘዙት እዚሁ እኛ ከተማ ነው፤ ቀኑም ቦታውም ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ተነግሮ ነበር። የምሥራቁን የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡትም እሳቸው ናቸው፣ በ1886፣ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ። ሐዲዱ በ1895 ከሐረር ተራራ ግርጌ ሲደርስ ወደ ሐረር መውጣት ስላልተቻለ ድሬዳዋ እዚያው ተቆረቆረች። የምትሄጂበት ከተማ ባቡር የወለደው ነው። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው ከዚያ በኋላ፣ በ1909 ነው።

በባቡር እሄዳለሁ ማለትሽ ስለዚህም ደስ ብሎኛል። የሚቆጨኝ የእኛው ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ሐዲድ በ2007 ግንባታው ተጀምሮ እስካሁን መንገደኛ አልጫነም። ያ ቢሠራ ከኮምቦልቻ ተሳፍረሽ አዋሽ ትወርጃለሽ፣ ከዚያ ወደ ድሬ ትታጠፊያለሽ። አሁን ግን በባቡር ወደ ምሥራቅ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ አዲስ አበባ ድረስ መውረድ አለብሽ። የወሎ ልጅ በዚህ ዙሪያ መንገድ ስንት ብር እንደሚከፍል ሳስብ ዝም ማለት ያቅተኛል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትኬትሽ የአውቶቡስ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ራስሽ ሄደሽ ቁረጪ፤ ሌሊት 10 ሰዓት በጨለማ ሻንጣ ይዞ ትኬት የሚፈልግ ሰው የተባለውን ይከፍላል። ወረቀቱን እንደተቀበልሽ ከመስኮቱ ሳትርቂ አንብቢው። ቀኑ፣ የመነሻ ሰዓቱ፣ የመኪናው የጎን ቁጥር ወይም ታርጋ፣ የወንበርሽ ቁጥር፣ የተከፈለው ብር። የተከፈለው ብር የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ ወይም ከሰጠሽው ካነሰ እዚያው እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ይህን የሚጠይቅ መንገደኛ ሲመጣ ትኬት ቆራጩ ይጠነቀቃል፤ ከራሴ ሥራ የማውቀው ነው። የሻንጣ ዋጋም ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይነገራል። ከወጣ በኋላ የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው።

«ከመናኸሪያ ውጭ ሞልቶ የሚነሣ መኪና አለ፣ በርካሽ እናድርስሽ» ቢሉሽ እንዳትሰሚ። በመናኸሪያ ተመዝግቦ መውጫ ያልተቆረጠለት መኪና መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ማን ተሳፍሮበት እንደነበር የሚያውቅ የለም። በዚህ ጉዳይ ብር ቆጥቢ አልልሽም።

አዲስ አበባ አክስትሽ ቤት ታድሪያለሽ። ባቡሩ የሚነሣው እኛ በወጣትነታችን ከምናውቀው ከለገሃር አይደለም። መስከረም 25 ቀን 2009 ተመርቆ ከታኅሣሥ 2010 ጀምሮ መደበኛ ሥራ የገባው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው ፉሪ ለቡ ነው፣ ከከተማው ዳር። ድሬዳዋም የሚያወርድሽ ከዚራ ሰፈር መሐል ባለው በአሮጌው ጣቢያ ሳይሆን ከከተማው ወጣ ባለው በአዲሱ ነው። ይህን አስቢበት፤ ምክንያቱም የባቡር ትኬት ርካሽ ነው ብለሽ ወደ ጣቢያው ለመሄድና ከጣቢያው ለመግባት ለታክሲና ለባጃጅ የምትከፍዪው ትርፉን ሊበላው ይችላል። አክስትሽን ከሰፈሯ ወደ ለቡ በየትኛው ታክሲ እንደሚሄዱ ከዋዜማው ጠይቂያት። ድሬ ስትደርሺ ደግሞ ባጃጁ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ዋጋ ተነጋገሪ፤ ወደ መሐል ከተማ የሚሄዱ ሌሎች ተሳፋሪዎች ካገኘሽ ተካፈሉ።

ባቡሩ እንደ አውቶቡስ በየሰዓቱ የሚገኝ አይደለም። የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ ትኬቱም የት የት እንደሚሸጥ ለድርጅቱ ለራሱ ደውለሽ አረጋግጪ። መቀመጫ ያለው ፉርጎ አለ፣ አልጋ ያለው አለ። ከአልጋዎቹም የላይኛው ከታችኛው ይረክሳል። ጉዞው የቀን ከሆነ መቀመጫው ይበቃሻል፤ አልጋ ለሌሊት መንገድ ነው። መታወቂያሽን ያዢ፤ ስምሽም ትኬቱ ላይ እንደ መታወቂያው ይጻፍ። የእኛ ስም በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ አንዱ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፤ እሱን ለማስተካከል ሁለተኛ መመላለስ እንዳይመጣብሽ።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ፤ አንቺ ከእኔ ይልቅ የምታውቂው እሱን ነው፤ ቢሆንም ስሚኝ።

በስልክ ትኬት መቁረጥን የሚነቅፉ እኩዮቼ አሉ። እኔ አልነቅፍም። ወንበሩን ቤትሽ ሆነሽ ካገኘሽ ደላላው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ሻጭ አለ። አንዱ አጓጓዡ ራሱ ነው፣ ሌላው በመሐል የቆመ ነው። ለንደን ያለው የአጎትሽ ልጅ እንዳጫወተኝ እዚያ የባቡር ኩባንያዎቹ በራሳቸው ድረ ገጽ ሲሸጡ የአገልግሎት ክፍያ አይጨምሩም፤ ያንኑ ወንበር በመሐል ያለ ሻጭ ሲሸጠው ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻው ገጽ ላይ ክፍያ ጣል ያደርግበታል። ርካሹ የቅድሚያ ትኬትም ከጉዞው እስከ 12 ሳምንት ገደማ ቀድሞ ስለሚወጣ የቀደመው ያገኘዋል፣ የዘገየው በውዱ ይሄዳል። ወረኢሉ ይሁን ለንደን የመንገደኛ ጠባይ አንድ መሆኑ ገረመኝ።

ስለዚህ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ዋጋ አትመኚው። እስከ መጨረሻው ገጽ ሂጂና «ክፈል» የሚለውን ከመንካትሽ በፊት ድምሩን ከታሪፉ ጋር አስተያዪ። ልዩነት ካለ የምን እንደሆነ ፈልጊ። ክፍያ ሁሉ ሌብነት አይደለም። ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ከአክስትሽ ቤት ለቡ ደርሶ መልስ ከሚያስወጣሽ ታክሲ ካነሰ ክፈዪው፣ ምንም አይቆጭሽ። ሳትጠይቂ የተጨመረብሽን ኢንሹራንስ፣ የወንበር ምርጫና የመሳሰለውን ግን አስወጪው።

በቴሌግራም «ትኬት አለን» የሚሉትን ተዪያቸው። የሌላ ሰው ትኬት ፎቶ ልከው ብር ያስልኩሻል። አንድ መፈተኛ ልንገርሽ፦ በቴሌብር ስትከፍዪ ከማረጋገጥሽ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣልሻል። የድርጅቱ ስም ሳይሆን የግለሰብ ስም ከመጣ እዚያው አቁሚ። የሚስጥር ቁጥርሽንና በመልእክት የሚላክልሽን ማረጋገጫ ለማንም አትንገሪ፣ ከድርጅቱ ነኝ ላለሽም ጭምር። ከከፈልሽ በኋላ የሚመጣውን የክፍያ መለያ ቁጥር በወረቀት ጻፊው፤ ስልክ ባትሪው የሚያልቀው በር ላይ ስትደርሺ ነው።

ሰዓቱንም አጣሪ። በስልክ የሚመጣ ትኬት ቀኑም ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። 08:00 ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ያልለየ ሰው ባቡሩ ከሄደ 6 ሰዓት በኋላ ይደርስና አዲስ ትኬት ይገዛል። ከደላላ ክፍያ ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ትኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ቀን መቀየር ወይም ብር ማስመለስ ይቻል እንደሆነ፣ ስንት እንደሚቆረጥብሽም ጠይቂ። መሥሪያ ቤትሽ የመግቢያ ቀንሽን ሊያዛውር ስለሚችል፣ መለወጥ የማይቻል ርካሽ ትኬት ከመግዛትሽ በፊት ደውለሽ ቀኑን አስረግጪ።

ለመንገድሽ የሚሆን ብር ነገ በቴሌብር እልክልሻለሁ። ከወኪል ብታወጪው የማውጫ ይቆረጥበታል፤ ስለዚህ በስልክ የሚቀበሉትን ከዚያው ክፈዪ፣ ለባጃጅና ለሻይ የሚሆነውን ብቻ በአንድ ጊዜ አውጪ። ደረሰኞቹን አትጣይ፤ የመጓጓዣ የሚመልሱ መሥሪያ ቤቶች አሉና ስትገቢ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቂ።

የባቡሩን ትኬት እንደቆረጥሽ ቀኑንና የወንበር ቁጥሩን በመልእክት ላኪልኝ። እናትሽ ዱዓዋን ከዛሬ ጀምራለች።

አባትሽ
ወረኢሉ፣ ኅዳር