ቧንቧው ሲንዶቀዶቅ

በሙቅ ውሃ የሚሞቅ ቤት ጤነኛ ሲሆን ድምፅ የለውም። ምድር ቤት ወይም ኩሽና ውስጥ የተተከለው ቦይለር ውሃውን ያሞቃል፣ ፓምፕ በቧንቧ ወደየክፍሉ ይገፋዋል፣ ውሃው በየመስኮቱ ሥር በተሰቀለው ራዲያተር ውስጥ አልፎ ሙቀቱን ትቶ ይመለሳል። ያው ውሃ ለዓመታት ይዞራል። ጀርመንና እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው ቤት የሚሞቀው በዚህ መንገድ ነው፤ ከኢትዮጵያ ሄዶ እዚያ የሚኖር ሰውም ከምድጃና ከከሰል ማንደጃ በኋላ የሚተዋወቀው ይህን ማሞቂያ ነው። በጥቅምት ብርዱ ሲገባ፣ በጋውን ሙሉ አርፎ የከረመው ፓምፕ ሲነሣ፣ ቧንቧውም ድምፅ ይጀምራል። ሌሊት ሁሉም ጸጥ ሲል፣ ጋያ ሲሳብ እንደሚሰማው ያለ መንዶቅዶቅ ከአልጋው ራስጌ ይመጣል።

ድምፁ የሚፈጠረው ውሃና አየር በአንድ ጠባብ መንገድ ሲተላለፉ ነው። አፈ ጠባብ እንስራ ሲቀዳ ዱቅ ዱቅ የሚለው፣ የወጣውን ውሃ ቦታ የሚይዝ አየር መግባት ስላለበትና አፉ ለሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ ነው። ራዲያተርም ከዚህ ብዙ አይለይም። አየሩ ቀላል በመሆኑ አናቱ ላይ ይሰበሰባል፤ ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ እየጠለፈ ይወስደዋል፣ ይሰባብረዋል፣ መልሶ ይለቀዋል። ፓምፑ ሲሠራ ድምፁ ይበረታል፣ ሲቆም ይከስማል። መካኒኮች የናፍጣ መሥመር አየር ሲይዝ መኪናው አልነሣ እንደሚል ያውቃሉ፤ የማሞቂያውም ችግር የዚያ ዘመድ ነው።

አየሩ ከየት ይመጣል? የመጀመሪያው ምንጭ ራሱ ውሃው ነው። ድስት ሲጣድ፣ ውሃው ገና ለብ ሲል፣ የድስቱ ግድግዳ ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ይለጠፋሉ። ያ እንፋሎት አይደለም፤ በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ነው። ከቧንቧ የሚወርድ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ውሃ በሊትር ከ20 ሚሊ ሊትር በላይ አየር ይይዛል። 100 ሊትር ውሃ የሚይዝ የቤት ማሞቂያ ሲሞላ እንግዲህ 2 ሊትር የሚያልፍ አየር ማንም ሳያየው አብሮ ይገባል ማለት ነው። ውሃው በሞቀ ቁጥር የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ደግሞ በ1803 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ውሃ የሚያሟሟው የጋዝ መጠን ከግፊቱ ጋር አብሮ እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ሲታዩ የአየሩ መውጫ አስቀድሞ ይታወቃል፤ አንድም ውሃው በጣም በሚሞቅበት በቦይለሩ ሆድ፣ አንድም ግፊቱ በጣም በሚያንስበት በላይኛው ፎቅ። የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ከጎረቤቶቹ ቀድሞ ድምፁን የሚሰማው ስለዚህ ነው፤ ጥፋቱ ግን እርሱ ቤት ላይሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ቧንቧ የሚያሰማው ድምፅ ሁሉ አየር አይደለም። ማሞቂያው ሲበራና ሲጠፋ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ፣ ቧንቧው ሲሞቅ ረዝሞ ከታሰረበት እንጨት ወይም ብረት ጋር ሲታከክ የሚወጣ ነው። ጥቂት ብቻ ከተከፈተ ቫልቭ የሚወጣ ቀጭን ፉጨት የፓምፑ ግፊት መብዛቱን ይናገራል። ውሃው በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲያልፍበት ሆኖ የተገጠመ ቴርሞስታት ያለው ቫልቭ እንደ መዶሻ ይመታል። ቦይለሩ ራሱ ሊፈላ እንዳለ ድስት ካጉረመረመ፣ ብዙውን ጊዜ ውስጡ የኖራ ቅርፊት ይዟል። በኒውዮርክ አሮጌ ሕንጻዎች ያለው የእንፋሎት ማሞቂያ ከነጭራሹ ሌላ ነው፤ እዚያ ራዲያተሩ ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ እስ የምትለው አየር እያስወጣች ሥራዋን ስትሠራ ነው።

ከጆሮ ቀጥሎ የሚመረምረው እጅ ነው። መዳፍ ራዲያተሩን ከታች ወደ ላይ ሲዳስሰው ታቹ ሞቆ አናቱ ከቀዘቀዘ አየር ይዟል። አናቱ ሞቆ የታችኛው መሐል ከቀዘቀዘ ግን ጉዳዩ አየር ሳይሆን ዝቃጭ ነው፤ ጋን ውስጥ እንደሚቀር አተላ፣ ጥቁር የብረት ዝገት ታች ተኝቷል። ከነጭራሹ ያልሞቀ ራዲያተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በበጋው ተዘግቶ የከረመ ቫልቩ ውስጥ ያለች ትንሽ ዘንግ ተጣብቃበት ነው። ይህ ዳሰሳ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳያደርግ ለቧንቧ ሠራተኛ ይደውላል፣ ወይም ያለ ቦታው ብሎን ይፈታል።

አየር መሆኑ ከታወቀ መፍትሔው ማስተንፈስ ነው። በራዲያተሩ አናት ጫፍ ላይ ትንሽ ብሎን አለች፤ የጀርመኖቹ የተለመደ ቁልፍ አራት ማዕዘን 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ሲሆን ከማንኛውም የዕቃ መሸጫ በርካሽ ይገኛል። አስቀድሞ የየክፍሉ ቫልቭ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ከዚያ ፓምፑ እንዲቆም ተደርጎ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል፤ ውሃው ሲረጋ አረፋው ወደ ላይ ይወጣል፣ ራዲያተሩም እጅ ከማቃጠል ይበርዳል። የሚጀመረው ከታችኛው ፎቅ ነው፣ ከዚያ ወደ ላይ። ከብሎኗ ሥር ኩባያ፣ ከኩባያው ሥር አሮጌ ጨርቅ ይያዛል። ቁልፉ በጣም በዝግታ፣ ከሩብ ዙር ጀምሮ ቢበዛ ግማሽ ዙር ብቻ ይዞራል። መጀመሪያ እስስስ የሚል ትንፋሽ ይወጣል፣ ያረጀ ብረት ብረት የሚሸት። ቀጥሎ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ጠብታ ከአየር ጋር ተደባልቆ ይተፋል። በመጨረሻ ቀጭን የውሃ ክር ሳይቆራረጥ ሲወርድ ብሎኗ ትዘጋለች። ኩባያው ውስጥ ያለው ውሃ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው፤ ያ አያስደነግጥም፣ ኦክስጅኑ ያለቀበት የቆየ ውሃ መልኩ እንዲሁ ነው። ብሎኗን ፈትቶ ማውጣት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከኋላዋ ያለው ግፊት መልሶ ሊያስገባት ለሚሞክር ሰው ጊዜ አይሰጥም።

ከዚህ በኋላ የሚታየው የግፊት መለኪያው ነው፤ የወጣው አየር የያዘው ቦታ ባዶ ሆኗልና መርፌው ይወርዳል። ለአንድ ቤተሰብ ቤት ውሃው ቀዝቅዞ ሳለ ከ1 እስከ 1.5 ባር የተለመደ ነው። ፎቅ ላይ ግን ሒሳቡ ከከፍታው ይነሣል፤ ውሃን 10 ሜትር ወደ ላይ ለመያዝ 1 ባር ገደማ ያስፈልጋል። ከመለኪያው 12 ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ ራዲያተር ላለበት ሕንጻ 1.2 ባር ውሃውን እዚያ ለማድረስ ብቻ ይሄዳል፤ አናቱ ላይ የሚተርፍ ግፊት እንዲኖር ሌላ ጥቂት መጨመር አለበት። መርፌው 1 ባር ላይ ቆሞ ሳለ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ በየሳምንቱ ቢያስተነፍስ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ እንዲያውም ግፊቱ ከውጭው አንሶ ብሎኗ ስትከፈት አየር ወደ ውስጥ ትስባለች። በኪራይ ሕንጻ ውስጥ እንግዲህ ነዋሪው የራሱን ራዲያተር ማስተንፈስ ቢችልም፣ ምድር ቤት ያለውን ግፊት መሙላት የአከራዩ ወይም ጀርመኖች ሀውስማይስተር የሚሉት የሕንጻው ተቆጣጣሪ ሥራ ነው።

ማሞቂያው በተሞላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ማስተንፈስ ጤናማ ነው። በየወሩ የሚመለስ አየር ግን መግቢያ አለው፤ ያንን ሳይፈልጉ ማስተንፈስ ውሃ የሚያፈስ ጣራ ሥር ባልዲ እንደ ማስቀመጥ ነው። ተደጋግሞ ጥፋተኛ የሚሆነው ኤክስፓንሽን ታንኩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ በመሐሉ ጎማ የተዘረጋበት የብረት ጋን። ውሃ ከ10 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ 3 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ የሰፋው ውሃ ጎማውን ገፍቶ ከበስተጀርባው ያለውን አየር ያምቃል፣ ሲቀዘቅዝ ያ አየር መልሶ ይገፋዋል። ጎማው ከተቀደደ ወይም አየሩ ካለቀ፣ ውሃው ሲሞቅ ግፊቱ 3 ባር ደርሶ የአደጋ መከላከያ ቫልቩ ውሃ ያፈሳል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ግፊቱ ወርዶ በየመጋጠሚያው አየር ይሳባል። ምልክቱ የመርፌው መዋለል ነው። በጋኑ ላይ የመኪና ጎማ መንፊያ የምትመስል ቫልቭ አለች፤ ስትጫን በአየር ፈንታ ውሃ ከተፋች ጎማው ተቀዷል። በእንግሊዝ አሮጌ ቤቶች ደግሞ ጣራ ሥር ክፍት ታንከር አለ፤ ተንሳፋፊው ተጣብቆ ታንከሩ ሲደርቅ ቧንቧው በውሃ ፈንታ አየር ይጠጣል።

ሌላው ምንጭ አየር ያልሆነ ጋዝ ነው። በየጊዜው የሚጨመር አዲስ ውሃ አዲስ ኦክስጅን ያመጣል፣ ኦክስጅኑ ብረቱን ይበላል፣ ኦክስጅን ባነሰበትም ዝገቱ ወደ ጥቁር ማግኔታይት ሲለወጥ ሃይድሮጅን ይለቃል። በ1970ዎቹ ወለል ሥር የተዘረጋ አሮጌ ፕላስቲክ ቧንቧም ኦክስጅን በግድግዳው ያሳልፋል። ግፊቱ ሳይወርድ ያው አንድ ራዲያተር ደጋግሞ ጋዝ ከያዘ ሃይድሮጅኑ ይጠረጠራል፤ ሃይድሮጅን ተቀጣጣይ ነውና ብሎኗ አጠገብ ክብሪት አይጫርም። ውሃው ተመርምሮ ቧንቧው መታጠብና የዝገት መከላከያ መጨመር አለበት።

መግቢያው ከተዘጋ በኋላ የቀረውን ውሃው ራሱ ይጨርሰዋል። ከቦይለሩ በሚወጣው ሙቅ ቧንቧ ላይ የአየር መለያ ከተገጠመ፣ ውሃው እዚያ ጥቃቅን አረፋውን ጥሎ አየር እንደተራበ ያልፋል። ራዲያተሮቹ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና አየር የማሟሟት አቅም ያገኛልና ቁልፍ ያልደረሰበት ጥግ ላይ የቀረውን አረፋ እያሟሟ ይዞ ይመለሳል፣ ሲሞቅም መለያው ጋ ይጥለዋል። በዚህ ዙር መንዶቅዶቁ በአንድ ሌሊት አይጠፋም፤ ከቀን ወደ ቀን ይሳሳል።