ላስቲኩን ማን ይላጠው?

ቤቱ ውስጥ ላስቲኩ ያልተላጠ ሪሞት ያለ እጁን ያውጣ። እንዳትዋሹ! ሶፋው በዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ በጥልፍ ጨርቅ በሚሸፈንበት ቤት ያደግን ሰዎች ስለሆንን እንተዋወቃለን። እኛ ቤት ቡፌ ውስጥ የእንግዳ ብርጭቆ ነበር። አንድም ቀን ሳንጠጣበት አደግን፣ ተመረቅን፣ ሥራ ያዝን። እንግዳው እስካሁን አልመጣም።

ስለዚህ ሦስታችን፣ አንድ ወንድምና ሁለት እህቶች፣ ዕቁብ ደርሶን፣ የጎደለውን ተበድረን መኪና በገዛን ማግስት የተጣላነው በምን እንደሆነ ብንነግራችሁ አትገረሙም። በላስቲክ ነው።

መኪናዋ ኤሌክትሪክ ናት። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና ለሚፈልግ ሰው ብዙም ምርጫ የለውም። ቀለሟ ጥቁር ነው። ጥቁር መኪና ምን ማለት እንደሆነ ያወቅነው ላቫጆ አንድ ጊዜ ካስገባናት በኋላ ነው። ልጁ አሸዋ በያዘ ጨርቅ ክብ ክብ እየሠራ አሻት፤ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ገላዋ ላይ የሸረሪት ድር ያደራባት መሰለች።

ታላቃችን ያን ቀን ማታ ራት አልበላም። በነጋታው «ከላይ እስከ ታች ፒፒኤፍ እናልብሳት» አለ። ታናሻችን «ቀለም ራሱ ልብስ አይደል? ልብስ ላይ ልብስ ምን ያደርጋል?» አለች። እማዬ ነገሩን ጠይቃ፣ ዋጋውን ሰምታ፣ አማተበችና «እንዲያው ቡዳ እንዳይበላት ነው?» አለች።

ፒፒኤፍ ምን እንደሆነ ለማታውቁ (እኛም አናውቅም ነበር) ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ቀለም ላይ የሚለጠፍ፣ በቅርብ ካላዩት የማይታይ ፊልም ነው። አያቱ ወታደር ነው። በቬትናም ጦርነት ዘመን አሜሪካኖች የሄሊኮፕተር ክንፍ አሸዋና ፍርስራሽ እየበላባቸው ሲቸገሩ የለጠፉት ፊልም ነው ቀስ በቀስ ወደ ውድድር መኪና፣ ከዚያም ወደ እኛ ሰፈር የመጣው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር በአማካይ ወደ 70 ማይክሮን ይሆናል። የፋብሪካ ቀለም ደግሞ ከነስሩ ከነላዩ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ነው። እንግዲህ ታናሻችን አልተሳሳተችም፤ ካፖርቱ ከሸሚዙ ይወፍራል።

አንድ ሳምንት ሙሉ የዲኮር ቤቶችን ዞርን። ሦስት ነገር ያቀርቡላችኋል። አንደኛው ሴራሚክ ነው። ፈሳሽ ነው፣ ይቀባል፣ መኪናዋ ታበራለች፣ ውኃና ጭቃም ቶሎ ይለቃታል። ጠጠር ግን አያቆምም። «ሴራሚክ ካስቀባችሁ ድንጋይ ቢወረወርባትም ምንም አትሆን» ያለን ልጅ ድንጋይ አንሡና እንሞክረው ስንለው ሥራ በዛበት። ሁለተኛው ቀለም የሚቀይረው ስቲከር ነው። ስስ ነው፣ ለውበት ነው። ጥቁር መኪና አረንጓዴ ስታደርጉ ግን ሊብሬው ላይ «ጥቁር» የሚል እንዳለ አትርሱ፤ ትራፊክ ፖሊሱ አይረሳም። ሦስተኛው እውነተኛው ፒፒኤፍ ነው። እሱም ሁለት ወንድማማች አሉት፦ ፒቪሲና ቲፒዩ። ሲታዩ መንታ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ዘዴው እዚህ ላይ ነው። ቲፒዩውን ስትስቡት ይለጠጥና ስትለቁት ይመለሳል። ፒቪሲው ደረቅ ነው፣ ከተሳበ በኋላ እንደነበረው አይሆንም፣ ከጊዜ በኋላም ይጠነክራል፣ ይቢጫል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ብርድ መስላ ታቃጥላለች። እዚህ ደካማ ላስቲክ ቢጫ ለመሆን ብዙ አይቆይም።

አንዱ ቤት ሻጩ ናሙናውን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገው። ልባችን ቆመ። ከዚያ ከፔርሙዝ የፈላ ውኃ ሲያፈስበት ጭረቱ ጠፋ። ታላቃችን ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረውም። እውነት ነው፣ ጥሩ ፊልም በላይኛው ሽፋኑ ላይ ያለ ቀላል ጭረት ሙቀት ሲያገኝ ይሽርለታል። በቁልፍ የተተለተለ፣ እስከ ታች የተቀደደ ግን አይሽርም። የዚያው ቤት መሥሪያ ቦታ ግማሽ ጎኑ ለመንገድ ክፍት ነበር። አቧራ ፊልሙ ሥር ከገባ እዚያው ይኖራል። ፊልሙን የሚቆርጡትም መኪናዋ ላይ አስተኝተው በምላጭ ነበር። ቀለም ለማዳን ሄደን ቀለሟን በምላጭ? አመስግነን ወጣን።

የሙሉ ልብሱ ዋጋ የስድስት ወር የቤት ኪራያችንን ያህል ነበር። ያን ምሽት የተጣላነውን ጠብ አንጽፈውም። የተጻፈ ያህል ግን ሦስታችንም እናስታውሰዋለን። ታላቃችን «የአባዬን መኪና ረሳችሁ?» አለ። ታናሻችንም «እኔም እሱኑ ልል ነበር» አለች። ሁለቱም አንድ መኪና ጠርተው ለሁለት ተቃራኒ ነገር መሰከሩ።

የአባዬ መኪና ነጭ ዲኤክስ ነበረች። ወንበሯን ወፍራም ላስቲክ አሰፍቶ አልብሷት ነበር። ፀሐይ ላይ ስትቆም ላስቲኩ ጭናችንን ያቃጥለን ነበር፤ ስንወርድ ደግሞ «ጠርርር» እያለ ከቆዳችን ላይ ይላቀቃል። ውስጧ ቆሎ አይበላም። በሯ በጣት እንጂ በመዳፍ አይዘጋም። ዝናብ ከጣለ በእግራችን ነው ትምህርት ቤት የምንሄደው፤ እሷ እንዳትጨቀይ። ጎረቤት «መኪና እያላቸው» ይለን ነበር። መኪናማ ነበረን፤ እሷ ናት እኛን ያልነበረችን።

በ2005 ዓ.ም. የአባዬ ኩላሊት ደከመ። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ተባለ። የሚሸጥ ነገር ሲቆጠር ያለችው እሷ ብቻ ነበረች። ደላላው መጣ። ኮፈኗን በጣቱ አንኳኳ፣ ፓራፋንጎዋን አንኳኳ፣ አጎንብሶ በብርሃን አየ። «ስቱኮ የለባትም። ቀለሟ የፋብሪካ ነው» አለ። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ዋጋዋን እኛ ካሰብነው በላይ ሰቀለው። አባዬ በዚያ ገንዘብ ስምንት ወር ታጠበ። ስምንት ወር አብሮን ቁርስ በላ። ታላቃችን የሚያስታውሰው ይህን ነው።

ታናሻችን የምታስታውሰው ደግሞ ገዢው የወሰዳት ቀን ያደረገውን ነው። ገብቶ ተቀመጠ፣ ላስቲኩ አልተመቸውም መሰለን፣ ቁልፉን ሰክቶ ከጫፍ ጀምሮ ቀደደው። ቦጭቆ ቦጭቆ ግቢያችን ውስጥ ጣለው። ከሥሩ ወይን ጠጅ ከፋይ ወጣ። አዲስ፣ ምንም ያልነካው ከፋይ። ሦስታችንም የወንበሯን ቀለም ያየነው ያን ቀን ነው። አባዬ በረንዳው ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጦ ነበር። «ለካ ያምራል» አለ።

ከዚያ ምሽት በኋላ አልተጣላንም። ወረቀት አውጥተን እንደ ሰው አሰብን። ጠጠር የሚመታው የት ነው? ፊት ለፊት ነው፤ ፓራውልቱ፣ ኮፈኑ፣ ስፖኪዮው። ጥፍር የሚጭረው የት ነው? በሩ እጀታ ሥር። ሻንጣ የሚፈገፍገው የት ነው? የኋላው ጠርዝ። እነዚህን ብቻ በጥሩ ቲፒዩ እናስለብስ፣ ሌላው ራሱን ይቻል አልን። ዋጋው ወደ ሲሶ ወረደ። ክፍሉ የተዘጋ፣ ፊልሙን በኮምፒውተር ቀድሞ የሚቆርጥ፣ ካርቶኑን ከነጥቅሉ የሚያሳይ፣ ቢቢጭ ወይም ቢላቀቅ እንደሚቀይር በጽሑፍ የሚፈርም ቤት ፈልገን አገኘን። ባለሙያው መጀመሪያ የጠየቀን «እንደገና የተቀባ ቦታ አላት?» ብሎ ነው። ጋራዥ የተቀባ ቀለም በደንብ ሳይደርቅ ፊልም ከተለጠፈበት፣ ሲነሣ ቀለሙን ይዞት ሊነሣ ይችላል። ይህን ሳይጠየቅ የሚጠይቅ ሰው ስታገኙ እመኑት።

ሲጨርስ ፊልሙ ሥር ትንንሽ የውኃ እንክብሎች ነበሩ። ታላቃችን ሊያብድ ሲል «ራሱ ይደርቃል፤ አንድ ሳምንት አትጠቧት» ተባልን። ደረቀ። አሁን ላቫጆ አንሄድም፤ እሑድ እሑድ በሁለት ባልዲ፣ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ጨርቁ የሚታጠብበት፣ ራሳችን እናጥባታለን። የወፍ ኩስ ካየን አናሳድረውም፣ ቀለም ይበላል።

ወንበሮቿ ላይ የፋብሪካው ላስቲክ እንዳለ ነበር። ሦስታችን አንድ አንድ ጫፍ ይዘን ላጥነው። ግራጫ ነው፤ እንደ ከፋዩ አያምርም፣ ግን ቀለሙን ዛሬ አየነው። እማዬን ፊት አስቀመጥናት። ገና ከሰፈር ሳንወጣ ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈታች። ፍሬው ወንበሩ ላይ ተበተነ፣ ጥቂቱም ከእጅ የማይገባ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ታላቃችን አየ። ዝም ብሎ እጁን ዘረጋላት፤ ዘገነችለት።

ኮፈኑ ላይ ያለው ፊልም እስከ ዛሬ አንድ ጭረት የለውም። እሱን ለደላላው ትተንለታል።