ስም ያወጣንለት ኮከብ

«ኮከባቸው ገጥሟል» እንላለን፣ ሁለት ሰዎች ሲዋደዱ። «ኮከቤ አልወደደውም» እንላለን፣ ሰውየው ምንም ሳይበድለን። ብዙዎቻችን እንዲህ የምንለው ለአባባል ያህል ነው። እኔ ባደግኩበት ቤት ግን ነገሩ አባባል ብቻ አልነበረም።

እናቴ በተወለደችበት አገር ልጅ ሲታመም፣ ጋብቻ ሲታሰብ፣ ሰው ረጅም መንገድ ሊነሣ ሲል ኮከብ ይቆጠር ነበር። ቆጣሪው የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ይጠይቃል። ለየፊደሉ የተሰጠውን ቁጥር ይደምራል፤ ድምሩን ለ12 ያካፍላል፤ በተረፈው ቁጥር ከሐመል እስከ ሑት ካሉት 12 ኮከቦች አንዱን ያወጣለታል። ከዚያ ወዲያ ሰውየው የዚያ ኮከብ ነው። ማንን ቢያገባ እንደሚቀናው፣ በምን እንደሚታመም፣ የትኛው ወር እንደሚከፋበት ይነገረዋል። ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ መካከል ማንም ቀና ብሎ ሰማዩን አያይም። ኮከቡ የሚቆጠረው ቤት ውስጥ፣ በፊደል ነው።

የታላቅ እህቴ እጮኝነት የፈረሰው በዚህ ሒሳብ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ከተቆረጠ በኋላ የልጁ ቤተ ሰቦች አስቆጠሩና «አንዱ እሳት፣ አንዷ ውሃ ናቸው፤ አይሆንም» አሉ። እህቴ ለብዙ ጊዜ ከሰው ፊት ሸሸች። እናቴ ጌታን የተቀበለችው ከዚያ ዓመታት በኋላ ነው። ክታቡን ከአንገቷ በጠሰች፤ ዳግመኛ ወደ ቆጣሪ ደጅ አልሄደችም። ሆኖም ማታ ወደ ደጅ ስትወጣ ቀና አትልም ነበር። መዳኗን አምናለች፤ ሰማዩ ግን ገና አልታረቃትም።

ይህን የማነሣው በቅርቡ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም የጠየቀኝ ጥያቄ ስላለ ነው። የሥነ ፈለክ ማኅበር አባላት ቴሌስኮፕ ይዘው ለሕዝብ ሰማይ በሚያሳዩበት ምሽት እንደምገኝ ሰምቶ፣ «ይህ ኮከብ ቆጠራ አይደለም ወይ? ለአማኝ ይገባል?» አለኝ። ጥያቄው ቅን ነው፤ መልስም ይገባዋል።

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት 47 ሰዎች ነበሩ የጀመሩት። ያኔ በእንጦጦ ተራራ ላይ ቴሌስኮፕ አልነበረም። ዛሬ በ3200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ተራራው ላይ ያለው ሳይሆን ሜዳ ላይ የሚሆነው ነው። መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ማታ ትንሽ ቴሌስኮፕ ተሸክመው ይመጣሉ። ደመና ከሸፈነው ይጠብቃሉ፤ ካልገለጠ ይመለሳሉ። ክረምቱን ሰማዩ ተዘግቶ ይከርማል፤ ከመስከረም ወዲያ ይከፈታል። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን የሰሜኑንም የደቡቡንም ከዋክብት እናያለን። ይህ ሌሎች ብዙ አገሮች ያላገኙት ስጦታ ነው።

እዚያ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ስምህን ማንም አይደምርም። መጀመሪያ የሚነግሩህ መብራትህን አጥፋ፣ ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሥ ነው። ይህ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከዚያ ተራህን ጠብቀህ ጎንበስ ትልና ታያለህ። ጨረቃ ላይ ጉድጓዶቹ ይታያሉ። ጁፒተር አጠገብ ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው አራት ጨረቃዎች በመስመር ተሰልፈው ይታያሉ።

እናቴን ይዣት የሄድኩ ምሽት ቴሌስኮፑ ወደ ሳተርን ዞሮ ነበር። አንድ ወጣት እጇን ይዞ አስጠጋትና «እማማ፣ ቀለበቷን አዩት?» አላት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ስሟ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ልጁ «ድሮ ዙሐል የሚሏት ናት» አላት። ዙሐልን ታውቃለች፤ በቆጣሪው አፍ ክፉ ሲወራባት ሰምታ ኖራለች። እንደ ገና ጎንበስ ብላ አየች። «ይህችማ ፍጥረት ናት፤ እንደ እኛው የተሠራች» አለች። ከኋላዋ የተሰለፉት ልጆች እስኪቁነጠነጡ ድረስ አልተነሣችም።

ወገኖቼ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 1ን አስተውላችሁ አንብቡ። ሙሴ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ዕፅዋቱ፣ ስለ እንስሳቱ ሰፋ አድርጎ ይናገራል፤ አሕዛብ የሚሰግዱላቸውን ከዋክብት ግን በጥቂት ቃል ጠቅሶ ያልፋል። ዘዳግም 4 እንዳንሰግድላቸው ያስጠነቅቀናል። ኤርምያስ 10 በሰማይ ምልክት እንዳንፈራ ይናገራል። ኢሳይያስ 40 ደግሞ ቀና ብለን እንድናይና የፈጠራቸውን እንድናስብ ያዝዘናል። ስለዚህ የተከለከለው መፍራትና መስገድ ነው፤ ማየት ግን ታዝዟል።

አብርሃምንም አስቡት። ጌታ በሌሊት ወደ ውጭ አወጣውና ከዋክብትን እንዲቆጥር ነገረው። ቆጥሮ አልጨረሰም፤ ይጨርሳል ተብሎም አልነበረም። የልጁ ተስፋ ያለው በከዋክብቱ ውስጥ አልነበረም፤ ወደ ውጭ ባወጣው በእርሱ ቃል ውስጥ ነበር። አብርሃም አመነ፤ ይህም ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት። ያን ሌሊት የተቆጠረው እምነቱ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን ያላስተዋልነውን ልንገራችሁ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ከ100 በላይ ለሆኑ አገሮች ለእያንዳንዳቸው አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር አንድ ፕላኔት ስም እንዲያወጡ ዕድል ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለ፣ በዓይን ብቻ የማይታይ ነው። ኮከቡ «ቡና» ተባለ፤ ፕላኔቱም «አቦል»። ስሙ ዛሬ በዓለም መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ይህን ስሰማ እህቴ ትዝ አለችኝ። ትናንት ስማችን ተደምሮ ኮከብ ይወጣልን ነበር፤ ዛሬ እኛ ለኮከብ ስም አወጣን። አዳም በኤደን ለፍጥረታት ስም እንዲያወጣ የተሰጠው ሥልጣን ይህንኑ ይመስላል። ስም የሚያወጣው ስም ለወጣለት አይገዛም። መዝሙር 147 ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ ከዋክብትን ሁሉ ቆጥሮ በየስማቸው የሚያውቃቸው እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል። ይኸው መዝሙር ያንኑ ጌታ ልባቸው የተሰበረውን የሚፈውስ፣ ቁስላቸውን የሚጠግን ይለዋል። ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ቡናን የሚያውቅ አምላክ እጮኝነቷ የፈረሰባትንም ልጅ ያውቃታል።

አንበጣና ኮሮና በአንድነት በመጡበት ዓመት፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ በላሊበላ በኩል ያለፈው የፀሐይ ግርዶሽ ብዙ ሰው አስፈርቶ ነበር። የሥነ ፈለክ ሰዎች ግን ደቂቃው ሳይቀር አስቀድመው ያውቁት ነበር። ይህን ያህል አስቀድሞ ማወቅ የተቻለው ሰማይን የሠራው ሥርዓት ያለው አምላክ ስለሆነ ነው። በዘፈቀደ የሚቆጣ ሰማይ ቢሆን ኖሮ ማን ቀኑን ይነግረን ነበር?

እንግዲህ በጌታ የተወደዳችሁ፣ በአካባቢያችሁ ሰማይ የሚያሳዩ ሰዎች ሲመጡ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ልጆቻችሁ ሲያጩም ስለ ሰውየው ጠባይ፣ ስለ እምነቱ ጠይቁ፤ ስለ ኮከቡ አትጠይቁ። ጌታን ገና ያላወቃችሁና አንድ ሰው ስለ ኮከባችሁ የነገራችሁን ቃል ዛሬም በልባችሁ ይዛችሁ የምትፈሩ ካላችሁ፣ ስማችሁ የታወቀው በሌላ ስፍራ ነው። ኢየሱስ ክርስቶስ በጎቹን በየስማቸው ይጠራል፤ የሚጠራቸውም ሊያሳርፋቸው ነው።

ጌታ ሆይ፣ የእጅህን ሥራ አይተን አንተን እንድናመልክ እርዳን፤ ከፍጥረት ፍርሃትም አርነት አውጣን። አሜን።

ጸጋ ይብዛላችሁ።