ሸራ ቤት

እናታችን ከባሕር ዳር ወደ እኛ ሊመጡ ስድስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ስልክ ላይ ያልጠበቅነውን ጥያቄ አመጡ። «ለመሆኑ ያ የገዛችሁት ቤት ጣራው ምንድን ነው?» መስከረም ሊያልቅ ቀናት ቢቀሩትም ዝናቡ ገና አልወጣም፤ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በስልኩ ይሰማናል።

ተያየን። ከዚያ ከአንዳችን አፍ «ባለ ሸራ ናት» የሚል ነገር አመለጠ።

ጸጥ አሉ። ቆይተው፣ «ልጆቼ… አሜሪካ ድረስ ሄዳችሁ ሸራ ቤት ነው የምትኖሩት?»

እንግዲህ ሸራ ቤት ምን እንደሆነ ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። «ኧረ አይደለም! ጣራው ላይ መስኮት አለው፣ ብርሃን ያስገባል» አልን እየተቀባበልን።

«የጣራ መስኮት? ታዲያ አያፈስም?»

«አያፈስም!»

ያፈሳል።

(«እናታችን» የምንለው ለአንዳችን እናት፣ ለአንዳችን አማት ስለሆኑ ነው። አንዳችን «አንቺ»፣ አንዳችን «እርስዎ» እንላቸዋለን። እዚህ በአክብሮቱ እንቀጥላለን፤ ማን ማን እንደሆነ ለጽሑፉ አይጠቅምም።)

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ሲያትል ውስጥ፣ ዩኒየን ሐይቅ ላይ በታሰረች አንዲት አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ውስጥ ነው። የቤት ኪራይ ወገባችንን ሲሰብረው፣ ዕቁባችን ደግሞ በደህና ጊዜ ሲወጣልን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራች፣ 11 ሜትር ገደማ የምትረዝም ፋይበርግላስ ጀልባ ገዛን። ለእናታችን «ቤት ገዛን» አልናቸው። ውሸት ነው እንዴ? አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ የጀበና ቦታ አላት። ትንሽ ትወዛወዛለች እንጂ ቤት ናት! ጣራዋ ላይ ሁለት መስኮቶች አሉ። ትንሹ ከፊት ካለው አልጋ በላይ ነው፤ ትልቁ እንደ መጽሐፍ ለሁለት የሚከፈት ሆኖ ከጠረጴዛው በላይ ነው። ለእናታችን ያሰብነው አልጋ ከትንሹ ሥር ያለውን ነው።

ሰው ሲያትል ሲባል ዶፍ ይመስለዋል። በዓመት የሚወርደው ግን 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ያንሳል፣ ከባሕር ዳርማ በብዙ ያንሳል። ልዩነቱ አመጣጡ ላይ ነው። የእኛ ክረምት ደብድቦ ደብድቦ ፀሐይ ያወጣል። እዚህ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ካፊያ ነው። አይጮህም፣ አያስፈራም፣ ቀዳዳ እየፈለገ እንደ ወሬ ቀስ ብሎ ይገባል። የረጠበውም ነገር እስኪደርቅ ፋታ አያገኝም። ደግሞ የእንጨት ጠላት የባሕር ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ ጨው እንጨትን እንዳይበሰብስ ይጠብቃል። የሚያበሰብሰው ከሰማይ የሚወርደው ንጹሑ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሞኝነታችን ሲሊከን ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት ባለቤቶች (ስንት እንደነበሩ በሲሊከኑ ንብርብር መቁጠር ይቻላል) ባፈሰሰ ቁጥር በላዩ ቀብተው አልፈዋል። እኛም ገዝተን፣ በጣታችን እያለሰለስን፣ የራሳችንን ንብርብር ጨመርንበት። ሁለት ሳምንት ደረቅ ይሆናል፤ ጮቤ እንረግጣለን፤ ከዚያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግንባራችን ላይ ጠብ! ውሃው የሚገባው በመስኮቱ ክፈፍና በጣራው መካከል ሆኖ ሳለ እኛ የምንቀባው ላይ ላዩን ነው። ሲሊከን ሌላም ጣጣ አለው፤ አንዴ በነካው ቦታ ላይ ቀለምም ሆነ ሌላ ማጣበቂያ አይዝም፤ አዲስ ሲሊከን ራሱ አሮጌውን አይወድም።

ስድስት ሳምንት ቀርቶናል። ይነቀል! ተባባልን።

ከመንቀላችን በፊት ግን ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ባሕረኛ አንድ ዘዴ አሳዩን። ደረቅ ቅጠል የሚጠርጉበትን የአየር መንፊያ ማሽን አምጥተው በአንደኛው በር በኩል አየር ወደ ውስጥ ለቀቁ፤ የቀረውን ሁሉ ደፈንን። እኛ ከውጭ ሆነን የሳሙና ውሃ ረጨን። አገር ቤት ጎሚስታው የተነፋውን ጎማ ሳፋ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚፈልገው ማለት ነው። ዓመት ሙሉ ሲሊከን የቀባንበት የትንሹ መስኮት ጥግ አንድ አረፋ አላወጣም! አረፋው የፈላው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ከሚገኝ የብሎን ሥር ነው። ውሃው በዚያ ገብቶ፣ በጣራው ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ፣ እናታችን ትራስ ላይ ሊወርድ ነበር። ትልቁ መስኮት ደግሞ በአንድ ጎኑ ሙሉ አረፋ ሆነ።

ሦስተኛው ፍሳሽ ማለዳ ማለዳ ከመስኮቱ መሐል የሚንጠባጠበው ነበር። እሱ ዝናብ አይደለም። የሁለት ሰው ትንፋሽና የቡና እንፋሎት ሌሊቱን ከቀዝቃዛው መስኮት ላይ ተጠራቅሞ የሚወርድ ነው። ይኸውላችሁ፣ ዓመት ሙሉ ሰማዩን ስናማ አንዱ ዝናብ እኛው ነበርን!

መንቀሉ ሁለት ቀን ፈጀ። ከዚያ ጥፋት ሠራን። የሲሊከኑን ቅሪት ለማጽዳት አሴቶን (ያው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው) ይዘን መስኮቱን ወለወልነው። መስኮቱ መስተዋት ሳይሆን አክሪሊክ የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ አክሪሊክና አሴቶን ደግሞ አይዋደዱም። ዓይናችን እያየ ደበዘዘ፣ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። በአንዲት ጨርቅ አንድ መስኮት አበላሸን። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አልተነጋገርንም። ጨርቁ በማን እጅ እንደነበረ እስከ ዛሬ ክርክር አለ።

የባሰው ከክፈፉ ሥር ነበር። የእንደዚህ ዓይነት ጀልባ ጣራ ሁለት የፋይበርግላስ ንጣፍ ነው፤ በመካከሉ ባልሳ የሚባል እጅግ ቀላል እንጨት ተጠቅጥቋል። በካቻቪቴ እጀታ ስንመታው ደህናው ቦታ ቀጭ ይላል፣ የታመመው ድም ይላል። ከዚያች ብሎን ጀምሮ አንድ ትሪ የሚያህል ቦታ ድም አለን። ከፈትነው። እንጨቱ ገንፎ ሆኗል፤ ያውም ጥቁር ገንፎ፣ በማንኪያ የሚዛቅ። ለካ አልጋው ላይ የምናያት ጠብታ ትርፏ ናት፤ ዋናው ውሃ ሲሊከን ከተቀባበት ሥር ተቀምጦ ስንት ዓመት ሲበላ ኖሯል። ያን ማታ «ለእናታችን ሆቴል እንከራይ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሆቴል ስንል እውነቱን መናገር ሊመጣ ነው። ሐሳቡ ወደቀ።

የበሰበሰውን ጠርገን፣ በማሞቂያ አድርቀን፣ አዲስ ባልሳ አስገብተን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን አስፍተን በወፍራም ኢፖክሲ ደፈንን፤ ሲጠነክር እንደገና በመሐሉ በሳን። እንዲህ ሲሆን ውሃ በብሎኑ በኩል ቢገባ እንኳ የሚያገኘው ኢፖክሲ እንጂ እንጨት አይሆንም። ብርድ ላይ ግን ኢፖክሲ ቶሎ አይጠነክርም፤ ሸራ (አዎ፣ ሸራ!) ወጥረን፣ ከሥሩ ትንሽ ማሞቂያ አድርገን ስንጠብቅ ሰነበትን። በዚያች ሳምንት ያለ ጥርጥር ሸራ ቤት ውስጥ ነበርን።

ሥራ ፈቶ መጠበቅ ወሬ ያመጣል። ስለ ጣና ታንኳ አወራን። ከደንገል የምትታሰረው ታንኳ ጣራ የላት፣ ብሎን የላት፣ የሚዘጋ ቀዳዳ የላት። ውሃውን ትጠጣለች፤ ስትከብድ ዳር አውጥተው ያደርቋታል፤ በወራት ዕድሜዋ አልቆ ሌላ ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና በሄደ ደንገል በተሠራችው «ራ» አትላንቲክን ሊሻገር ወጥቶ፣ ጉዞው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ፈራረሰችበት። በ1970 «ራ 2» ባርቤዶስ ደረሰች። እኛ ከመትከያችን ሳንነቃነቅ አንዲት ጠብታ አሸነፈችን።

አዲሱን አክሪሊክ ያሰርነው ሽማግሌው በነገሩን መሠረት ነው። 1 ሜትር አክሪሊክ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ፋይበርግላሱ የዚያን ግማሽ እንኳ አይረዝምም። ስለዚህ ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ማለት አለበት፤ አጥብቆ ማሰር መስኮቱን መስበር ነው። በመካከል ቡቲል የሚባል ግራጫ ማስቲካ የመሰለ ጥቅልል አነጠፍን። ደርቆ ስለማይጠነክር ሲሳብ ይሳባል፣ ሲመለስ ይመለሳል። ብሎኖቹን በአንድ ቀን አላጠበቅንም፤ በየማታው ከሥራ ስንመለስ ሩብ ዙር ሩብ ዙር ብቻ።

እናታችን ኅዳር ላይ ገቡ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ በካፊያው ውስጥ ይዘናቸው መጣን፤ መንገድ ላይ ልንነግራቸው ተስማምተን ነበር፣ ማንም አልጀመረም። መትከያው ላይ ቆመው አዩ፣ አየናቸው። «ታንኳ ነው እንዴ!» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው፣ እጃቸውን ሰጥተውን፣ ተሻገሩ። ሌላ ምንም አላሉም። ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ዓይናቸው ትንሹ መስኮት ላይ ቀረ። ተነሥተው ዙሪያውን በጣታቸው ዳበሱት።

«ያፈስ ነበር?»

«ያፈስ ነበር።»

«ያን ለታ አያፈስም ያላችሁኝ?»

ዝም አልን። እሳቸውም ትንሽ ዝም አሉና፣ «እኔም ያ ለቆርቆሮው የላካችሁት ብር…» ብለው ጀመሩ። ለጎረቤት ልጅ ሕክምና ሰጥተውት ኖሯል። ተሠርቷል ያሉን ጣራ አልተሠራም። ሁለት ክረምት አልጋቸውን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየገፉ ነው የተኙት። በስልኩ የሰማነው ቆርቆሮ እሱ ነው።

ሌሊቱን ዘነበ። እኛ ጠረጴዛው አጠገብ ተኝተን ጆሯችንን ወደ ፊት ክፍል ቀስረን አደርን። ከዚያ በኩል ምንም አልተሰማም። ከትልቁ መስኮት ግን አንድ ጥግ፣ እግራችን ላይ፣ ጠብ… ጠብ። ድስት አስቀመጥንበት።

ጠዋት ቡናው ሲፈላ እናታችን የተረፈውን ቡቲል አንስተው በጣታቸው እያሹ፣ «ይኼ ማስቲካ ቆርቆሮ ላይ ይይዛል?» አሉን። ይይዛል፤ ቆርቆሮው ንጹሕና ደረቅ ይሁን እንጂ። «እንግዲያው የሚስማሩን ቀዳዳ እደፍንበታለሁ፤ ሁለት ጥቅልል ግዙልኝ።» አራት ገዛን። ሻንጣቸው ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ፣ ከወዲሁ ተቀምጧል።

በሉ፣ ቸር እንሰንብት።