በአያቱ ፌስታል ውስጥ የነበረው ክኒን

የእህቴ ልጅ በ5 ወሩ ይሰግድ ጀመር። ከእንቅልፉ ሲነቃ ድንገት አንገቱን ይደፋል፣ ሁለት እጁን ዘርጋ ያደርጋል፤ ጥቂት ቆይቶ ይደግማል፣ ይሠልሳል። ወሎ፣ አጅባር ላይ ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንዷ ጎረቤት «ይሄስ ሼህ ነው የሚሆነው» ስትል ሌላዋ «ቄስ ነው እንጂ» ብላ ተከራከረቻት። ያ ሳቅ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የሚጥል በሽታ ሲባል እኛ የምናውቀው መውደቅን፣ መንፈራገጥን፣ አረፋ መድፈቅን ነው። ስግደት የሚመስለው ይህኛው ዓይነት ግን ገና አንድ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ይይዛል፤ ለዓይን ቀላል ነው፣ ጉዳቱ ውስጥ ለውስጥ ነው። የአንጎሉ ሞገድ ይታወካል፣ ልጁ የለመደውን ይረሳል። «ዓይኔን ማየት ተወ» አለች እህቴ። ሳቁም ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ1841 ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህንኑ ስግደት በገዛ ልጁ ላይ አይቶ ለአንድ የሕክምና መጽሔት ጻፈ፤ ሞክሮ ያቃተውን ዘርዝሮ እርዱኝ አለ። መድኃኒት የሚባል አልነበረውም። ለእርሱ አዝንለታለሁ፤ በእኛ ግን እናደዳለሁ። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሆርሞን ሕክምና እንደሚሠራ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ውስጥ በታተመ ጥናት ፕሬድኒሶሎን ከተሰጣቸው 30 ሕፃናት የ21ዱ ስግደት በሁለት ሳምንት ውስጥ ቆሟል። ሕክምናው በዘገየ መጠን ደግሞ የልጁ እድገት እንደሚጎዳ የጥናቱ ሐኪሞች በኋላ አረጋግጠዋል።

ፕሬድኒሶሎን! አያቱ አስማቸው ሲነሣ የሚውጡት፣ ምሰሶው ላይ በተንጠለጠለው ፌስታል ውስጥ የነበረው ክኒን። በሥጋ ደዌ ነርቭ ሲቆጣም የሚታዘዘው ይኸው ነው፤ ወሎ ደግሞ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ያለበት አገር፣ ለሥጋ ደዌ ሕክምና እንግዳ አይደለም። ከምሰሶው አውርደን ራሳችን እንስጠው ነበር እያልኩ አይደለም። መጠኑ ከፍ ያለ ነው፣ ደም ግፊትና ኢንፌክሽን መከታተል ይፈልጋል፣ በድንገት ማቋረጡም አደገኛ ነው። ግን መድኃኒቱ ባሕር ማዶ አልነበረም።

ልጁ ዓመት ሲሞላው ፌኖባርቢታል ታዘዘለት። ለሌላው የሚጥል በሽታ ደህና መድኃኒት ነው፤ ይህንን ግን አያስቆምም። ጸበልም ወሰድነው፤ ጸበሉን አልወቅስም፣ ከክኒኑ ጋር የተጣላ ማንም አልነበረም። ደሴ ወርደን፣ ከዚያም አዲስ አበባ ገብተን የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ እስኪደረግለት ሁለት ዓመቱን አለፈ። ፕሬድኒሶሎን ያኔ ተጀመረለት። ስግደቱ በመውደቅ ተተክቶ ስለነበር መውደቁን ቀነሰለት፤ አፉን ግን አልፈታም። ዛሬም ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የክትባት ቀጠሮው ነገር ነው። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ14ኛው ሳምንት ክትባት በኋላ፣ ከ9ኛው ወር የኩፍኝ ክትባት በፊት፣ እናት ጤና ጣቢያ እምብዛም በማትሄድበት ጊዜ ነው። እህቴ ግን በ9 ወሩ ወስዳዋለች። ስግደቱ ከጀመረ አራት ወር ሆኖት ነበር። መዘኑት፣ ወጉት፣ ካርዱ ላይ ጻፉ። አንገቱን እንደሚደፋ ስትነግራቸው «ጥርስ ሊያወጣ ይሆናል» አሏት። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነበር። ጠዋት ሲነቃ ቅረጪውና አሳዪን ለማለት ላቦራቶሪ ያስፈልግ ነበር? ማሽን ያስፈልግ ነበር?